የሳር ሜዳን ለመመለስ በጎ ፈቃደኛ መሆን እንፈልጋለን፤ ችግኝ ይዘን እንሂድ?

ሜዳ ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ዘንድሮ ለተፈጥሮ የሚጠቅም የበጎ ፈቃድ ሥራ እንሥራ ተባብለናል። ያሰብነው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው። ኢላላ ሳላ የሚባለውን ሜዳ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ሳላዎቹ ቀንዳቸውን ቀጥ አድርገው በሳሩ መሃል ሲሄዱ ማየት ብቻውን ልብ ይሞላል። ግን አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች ሳሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። አንዳንዱ ቦታ ቁጥቋጦ ወርሶታል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ አፈሩ ራቁቱን ቀርቷል።

እኛም ችግኝ ገዝተን፣ መኪና ተከራይተን፣ ሄደን እንትከል አልን። ምን ዓይነት ዛፍ ብንተክል ይሻላል? ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው? አብዛኞቻችን ከቢሮ ወንበር የማንነሳ ሰዎች ስለሆንን ልምድ የሌለው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችልም ብትነግሩን ደስ ይለናል። ፎቶ ተነስተን መመለስ አንፈልግም፤ የእውነት የሚጠቅም ነገር መሥራት ነው የምንፈልገው።

እሾህ ነቃይ፦

ማሰባችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ተባረኩ። ችግኙን ግን ተዉት። ይህን የምለው ሞራላችሁን ለመንካት አይደለም፤ እዚያ ሜዳ ላይ የጎደለው ዛፍ ስላልሆነ ነው።

ሳቫና ማለት ዛፍ ያለቀበት ደን አይደለም። ሳር ዋናው ነዋሪ ሆኖ፣ ዛፍ አልፎ አልፎ ብቻ የሚቆምበት ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው። ሳላ፣ የሜዳ አህያ፣ ቆርኬ፣ ሰጎን የሚኖሩት እንዲህ ባለ ሜዳ ነው። አዳኝን ከሩቅ የሚያዩት ሜዳው ክፍት ስለሆነ ነው፣ የሚበሉትም ሳሩን ነው። የቆላ ሳር ደግሞ ጥላ አይወድም። ቁጥቋጦው ሲጠጋጋ ከሥሩ ያለው ሳር ይሳሳል፣ ቀጥሎ ይጠፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ባዶውን አፈር ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በክፍት የሳር ሜዳ ላይ ችግኝ መትከል ሜዳውን የማጥፋት ሥራ ላይ መተባበር ነው፤ የተከለው ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም።

ሥራው በአብዛኛው መቁረጥ፣ መንቀል፣ ሳር መዝራትና ዓመት ጠብቆ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ መንቀል ነው። እንደ ችግኝ ተከላ ለፎቶ አይመችም። የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

በአዋሽ ተፋሰስ ዋናው ጠላት ፕሮሶፒስ ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል፣ ጥላና ማገዶ ይሰጣል ተብሎ ነበር። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሉም፣ ከብቱም፣ ግመሉም፣ ከርከሮውም ይበላዋል፤ ዘሩ ግን ሆድ ውስጥ አይፈጭም። ከእበቱ ጋር ይወጣል፣ እበቱ ማዳበሪያ ይሆንለታል፣ እዚያው ይበቅላል። የደረቀ እበት ብትገለብጡ በአንዱ ውስጥ ብዙ ቡቃያ ተጠጋግቶ ብቅ ሲል ታያላችሁ። የቀረውን ደግሞ ወንዙ በጎርፍ ጊዜ ያደርስለታል።

አቆራረጡን ማወቅ አለባችሁ። ከመሬት በላይ በገጀራ መትታችሁ ከሄዳችሁ ጉቶው በአንድ ግንድ ፋንታ ብዙ ቅርንጫፍ ይዞ ይነሳል፣ ከበፊቱ የባሰ ጫካ ይሆናል። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራችሁ፣ ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት በታች መቁረጥ አለባችሁ፤ ቡቃያ የሚያወጣው ክፍል እዚያ ነው ያለው። ትንንሾቹን አፈሩ እርጥብ እያለ ከነሥራቸው መንቀል ይቻላል፤ ቀን ሙሉ ጎልማሳ ዛፍ ስትታገሉ ከምትውሉ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ቡቃያ ትነቅላላችሁ! ከዳር ጀምሩ፤ ሜዳው ገና ባልተወረረበት፣ አንድ ሁለት ብቻ በገቡበት በኩል። መሃሉ ላይ ያለውን ጥቅጥቅ ጫካ በጎ ፈቃደኛ አይችለውም፣ እሱ ማሽንና በጀት ይፈልጋል።

የቆላ ልጅ፦

እሾህ ነቃይ ያለው ልክ ነው፤ እኔ አንድ ትልቅ ነገር ልጨምር። ገጀራ ይዛችሁ ከመኪና ወርዳችሁ ያገኛችሁትን እሾሃም ዛፍ እንዳትቆርጡ አደራ። የአገሩ ግራር አለ። ጃንጥላ የሚመስለው፣ በጋ ላይ ፍሬው ረግፎ ፍየሉን የሚያኖረው፣ ጥላው ሥር ሰውም ከብትም የሚያርፍበት። እሱን መቁረጥ ወንጀል ነው ብዬ ነው የማምነው።

መለየት ከባድ አይደለም። ቅርንጫፉን ጠጋ ብላችሁ እዩ። የጃንጥላው ግራር ሁለት ዓይነት እሾህ አለው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ነጭ እሾህ አለ፣ ከሱ ጋር ደግሞ እንደ ድመት ጥፍር የታጠፈ ትንሽ እሾህ አለ። ፕሮሶፒስ የታጠፈ የለውም፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። የግራሩ ፍሬ ተጠማዞ ይጠቀለላል፤ የፕሮሶፒስ ፍሬ እንደ ፎሶሊያ ረዘም ያለና ቢጫማ ነው። አበባቸውም ይለያያል፤ የግራሩ ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ ኳስ ነው፣ የፕሮሶፒሱ ረዘም ብሎ ተንጠልጥሎ ወደ ቢጫ ያደላል። በበጋ ሁሉም ደርቆ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁት ጠርጥሩት። ከተጠራጠራችሁ ግን አትቁረጡ። የአካባቢውን እረኛ ጠይቁ፣ ሕፃኑም ያውቀዋል።

ሌላው ሰዉ ነው። ያ ሜዳ ባዶ አይደለም። ከረዩው፣ አፋሩ፣ ኢቱው የሚኖርበት፣ የሚያግጥበት፣ በድርቅ ጊዜ ከብቱን ይዞ የሚሸሽበት ነው። ከከተማ መጥቶ «ከብታችሁ ነው ያጠፋው» ብሎ መናገር የሚቀናው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ እንደዚያ አትጀምሩ። ግጦሹ የተጨናነቀው አርብቶ አደሩ በየዘመኑ ምርጥ ምርጡን የወንዝ ዳር መሬት ለእርሻ ልማት እየለቀቀ ወደ ጠባብ ቦታ ስለተገፋም ነው። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ፣ የት ቢጸዳ እንደሚሻል፣ የቱ ቦታ ሳር ቶሎ እንደሚመልስ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጸዳውን ቦታ ለተወሰነ ጊዜ ከግጦሽ የሚያቆየው ሰው ካልተስማማ ሥራችሁ በአንድ ክረምት ይጠፋል። የወጣቶች ማኅበር ካለ ከነሱ ጋር እኩል ሆናችሁ ሥሩ፤ ምሳቸውንም አብራችሁ ብሉ።

አረንጓዴ ቀን፦

ይቅርታ፣ እኔ ግን ትንሽ ግራ ገባኝ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንት ችግኝ ነው የተከልነው፣ እኔም በየክረምቱ እወጣለሁ። አሁን ዛፍ መቁረጥ ነው ተፈጥሮን መጠበቅ ስትሉ ለሰሚው ግር ይላል። ካርቦን የሚይዘው ዛፍ አይደለም እንዴ? ደግሞ ፕሮሶፒሱን ከሰል አክስሎ መሸጥ ለሁሉም ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ። ዛፉም ይቀንሳል፣ ሰዉም ገቢ ያገኛል። ለምን በጎ ፈቃደኛ ያስፈልጋል?

እሾህ ነቃይ፦

አረንጓዴ ቀን፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስበውም እንዳንተ ነው። የተራቆተ ደጋ ተራራ ላይ፣ ደን በነበረበት ቦታ፣ የአገር ዛፍ መትከል ትክክል ነው፣ ቀጥልበት። እኔ የምለው ቦታው ምን ነበር ብለን እንጠይቅ ነው። ደን ከነበረ ዛፍ፣ የሳር ሜዳ ከነበረ ሳር።

ካርቦኑን በተመለከተ ሳቫና ሀብቱን የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ከመሬት በታች ነው፣ በሥሩና በአፈሩ ውስጥ። ለዚህ ነው ላዩ ቢቃጠልም፣ ቢበላም የሚመለሰው። የሳር ማደጊያ ነጥብ ከታች፣ አፈሩ አጠገብ ነው ያለው፤ ላም ብትግጠው፣ እሳት ቢያልፍበት ከሥር ይወጣል። ትንሽ የዛፍ ቡቃያ ግን ማደጊያው ጫፉ ላይ ስለሆነ እሳት ሲያልፍ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሜዳውን ሜዳ አድርጎ ያቆየው ይህ ልዩነት ነው።

ከሰሉን በሁለት ዓይን ነው የማየው። የተጀመረባቸው ቦታዎች አሉ፣ ገቢም ሰጥቷል። ችግሩ ከሰል አክሳይ ፕሮሶፒስ እየቆረጠ ነው ተብሎ አጠገቡ ያለው የአገር ግራርም አብሮ ይሄዳል፤ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ይለየዋል? ደግሞም ለከሰል የሚፈለገው ወፈር ያለው ግንድ ነው። ከላይ ይቆረጣል፣ ጉቶው ይቀራል፣ እንደገና ይበቅላል፣ ለቆራጩ ቢበቅልለት ይሻለዋል። ቡቃያውን የሚነቅል ነጋዴ የለም። የበጎ ፈቃደኛ ቦታ እዚያ ላይ ነው። ፍሬውን ሰብስቦ ፈጭቶ ለከብት መኖ ማድረግ ግን ይሻለኛል፣ ወፍጮው ዘሩን ስለሚሰብረው ስርጭቱን ይቀንሳል።

ቆርኬ፦

እኔ የምጽፈው ከደቡብ ነው። ፕሮሶፒስ የሌለበት ቦታ ላይም ሜዳው እየተዘጋ እንደሆነ እንዳትረሱ። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን ውሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል። ስሙን ያገኘው በበጋ ነጭ ከሚመስለው ሳሩ ነው። ዛሬ ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ እየገፋ ነው የሚገኘው፤ በአንድ ወቅት እዚያ በመንጋ የነበረው የስዋይን ቆርኬ ደግሞ ተመናምኖ ለዓይን ብርቅ ሆኗል። እሱ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ እኛ ካጣነው ዓለም አጣው ማለት ነው።

ስለዚህ ሜዳ የማልረሳው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች እዚያ መንገድ ላይ ሞቶ የተገኘ የአንድ ወፍ ክንፍ ይዘው ተመለሱ። ናይትጃር ከሚባሉት፣ በሌሊት ከሚበሩት ወገን ነው። ክንፉ ከሚታወቅ ከየትኛውም ጋር ስላልገጠመ በ1995 በዚያች አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ናይትጃሮች ጎጆ አይሠሩም፣ እንቁላላቸውን ባዶ መሬት ላይ ነው የሚጥሉት። ሜዳው ውስጥ ስትሠሩ እግራችሁ የሚያርፍበትን እዩ የምለው ለዚህ ነው። በመኪና ከመንገድ መውጣትማ በፍጹም።

ወደ ቦረና ስትወርዱ ደግሞ ጉዳዩ እሳት ነው። ቦረናዎች ድሮ ግጦሻቸውን በየጊዜው በእሳት ያድሱ ነበር። ያረጀው ሳር ይቃጠላል፣ መዥገር ይቀንሳል፣ የቁጥቋጦ ቡቃያ ይመታል፣ ዝናብ ሲመጣ አዲስ ሳር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እሳት ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦው እየበረታ መጣ፤ ግጦሹ ሲጨናነቅ ደግሞ የሚነድ ሳር ራሱ ጠፋ፤ ሳር ከሌለ እሳት አይሄድም፣ እሳት ካልሄደ ቁጥቋጦ አይመታም። አንዴ እዚህ አዙሪት ውስጥ ከተገባ ማገገሚያው የሰው እጅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቁጥቋጦው ይቆረጣል፣ ቦታው ያርፋል፣ ሳር ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው እሳት ተመልሶ ሊያገለግል የሚችለው። ቦረናዎች ካሎ የሚሉት አለ፤ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ታጥሮ የሚቆይ ግጦሽ ነው። ሳር እንዴት እንደሚያገግም ማየት የሚፈልግ ሰው ካሎ ሄዶ ይይ፣ የአጥሩን ውስጥና ውጭ አወዳድሮ ይፍረድ።

ይህን ስል ማንም በጎ ፈቃደኛ ክብሪት ይጫር ማለቴ አይደለም!! እሳት የፓርኩ፣ የወረዳውና የሽማግሌዎቹ ውሳኔ ነው፤ ነፋሱን፣ እርጥበቱን፣ ጊዜውን የሚያውቅ ሰው የሚመራው ሥራ ነው።

በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚበቅለውን ባለ ጉንዳን ግራር ስትቆርጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። እሾሁ ሥር እንደ ኳስ ያበጠ ነገር አለ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው። ውስጡ ጉንዳን ነው። ቅርንጫፉን እንደነካችሁት ወጥተው እጅጌያችሁ ውስጥ ይገባሉ።

ሐኪም ቤት፦

አጭር ምክር ከጤና በኩል። የፕሮሶፒስ እሾህ የመኪና ጎማ ይበሳል፣ ስኒከር ምኑም አይደለም። ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ፣ የቆዳ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ለዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋችኋል። እሾሁ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ «ይወጣል» ብላችሁ አትተዉት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቴታነስ ክትባታችሁን ሳትወጡ በፊት አረጋግጡ።

ፓርቲኒየምን፣ ቅንጬ አረም የሚሉትን፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለውን በባዶ እጅ አትንኩ። ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ አበባው በወጣበት ጊዜ ጭራሽ ባይጠጋው ይሻላል። የሚነቀለው ሳያብብ ነው፤ ካበበ በኋላ ስትነቅሉት ዘሩን እናንተው ታራግፉለታላችሁ።

ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት በማለዳ ጀምራችሁ ረፋድ ላይ አቁሙ፣ እንደገና አመሻሽ ላይ ቀጥሉ። ውሃ ከምታስቡት በላይ ያዙ። የወባ አካባቢ ስለሆነ ማታ አጎበር።

ሜዳ ወዳድ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ለጓደኞቼ ሁሉንም አነበብኩላቸው። ችግኙ ቀርቷል፣ ተስማምተናል። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ከቆረጥነው በኋላ ባዶውን መሬት ምን እናድርገው? ሳር በራሱ ይመጣል ወይስ እንዝራ? ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ጉልበት ያለው ሥራ የማይችሉ አሉ፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ እሷም መቅረት አልፈልግም ብላለች።

እሾህ ነቃይ፦

በአፈሩ ውስጥ የሳር ዘር ከተረፈ በራሱ ይመጣል፤ አጠገቡ ጤነኛ ሳር ካለም ነፋስና እንስሳ ያመጡለታል። ለብዙ ዓመት ጫካ ሥር የቆየ ቦታ ላይ ግን መዝራት ያስፈልጋል። ዘሩን ከገበያ አትግዙ፣ ከዚያው አካባቢ ሰብስቡ። ይህ ደግሞ ጉልበት የማይጠይቅ ሥራ ነው፣ ነፍሰ ጡሯ እህታችን ጥላ ሥር ተቀምጣ ዘሩን ከገለባው ልትለይ ትችላለች። እንደ ቴሜዳ ያሉ ሳሮች ዘራቸው ረጅም ጭራ አለው። እርጥበት ሲነካው ጭራው ይሽከረከራል፣ ዘሩን ወደ አፈሩ ስንጥቅ እየሰረሰረ ያስገባዋል። አንዱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ ሲዞር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መሬቱ ከጠጠረ ላዩን በዶማ ጫር ጫር አድርጉት፤ ተዳፋት ከሆነ የግማሽ ጨረቃ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ይይዛል፣ ዘሩም እዚያ ይሰበሰባል። ከዚያ የቆረጣችሁትን እሾሃም ቅርንጫፍ በላዩ ላይ ረብርቡት። ከብት አይገባበትም፣ አፈሩ አይታጠብም፣ ቡቃያው ጥላና እርጥበት ያገኛል፣ ነፋስ ያመጣው ዘርም እዚያው ይጠመዳል። ፍሬ ያለበትን የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ ግን በምንም ዓይነት አትጠቀሙ፤ ፍሬውን ለቅማችሁ በጆንያ አስወጡ።

ሌላው ቀላል የሚመስል ግን በጣም የሚፈለግ ሥራ መመዝገብ ነው። ከሽቦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ። መሬት ላይ አኑሩት፣ ውስጡ ያለውን ሳር፣ አረም፣ ባዶ አፈር ጻፉ። ከዚያው ነጥብ፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ በየዓመቱ ፎቶ አንሱ። ይህ ካልተደረገ ሥራው ሠርቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ብዙ ዘመቻ ተካሂዶ ማንም ተመልሶ ሳያየው ቀርቷል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ አዋሽም ነጭ ሳርም በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ናቸው። ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ አጽፉ፣ ምን ለመሥራት፣ ስንት ሰው፣ መቼ ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡ። ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንዲት ቅርንጫፍ መቁረጥ አይቻልም፤ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ፣ አብሯችሁ ይሄዳል፣ የቱ እንደሚቆረጥም የሚያሳዩት የፓርኩ ባለሙያዎች ናቸው። ከፓርክ ውጭ በወል ግጦሽ መሬት ላይ ከሆነ የወረዳውን ግብርናና የአርብቶ አደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ የቆላ ልጅ እንዳለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ፤ በአባልነት ብትገቡ ስለ ወፎችና ስለ መኖሪያቸው የሚያውቁ ሰዎች ታገኛላችሁ።

አረንጓዴ ቀን፦

እሺ፣ አሁን ገባኝ። እኔም ልምጣ? ሜዳ ወዳድ፣ ቦታ ካላችሁ ደውሉልኝ ማለት ነው፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። መቼ ነው የምትሄዱት፣ ክረምት ላይ ይሆን?

የቆላ ልጅ፦

ሁለት ጊዜ ብትሄዱ ነው የሚያዋጣው። በአዋሽ በኩል ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ቆረጣውን፣ የአፈሩን ሥራና ዘር መዝራቱን ዝናቡ ሳይገባ በግንቦትና በሰኔ ጨርሱ። ከዝናቡ በኋላ መስከረም ላይ ተመለሱ፣ አፈሩ ሳይጠጥር አዲስ የበቀለውን ቡቃያ በእጅ ንቀሉ፣ ከጉቶ የወጣ ካለም ድገሙት። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በሚቀጥለው ዓመትም መስከረም ላይ መምጣት ይኖርባችኋል፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ቦታውን ስትመርጡ ትንሽ ምረጡ፣ በየዓመቱ ልትጨርሱት የምትችሉትን ያህል ብቻ። ፈቃዱን ከአሁኑ ጀምሩት፣ ደብዳቤ ጊዜ ይወስዳል።